የሚሚ እናት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ፣ በመንገዳችን ሮም ላይ ባሳለፍነው አንድ ቀን ነው። ጊዜው ቢያልፍም ከልቤ አልወጣም። እስከ ዛሬ የሐበሻ ሱቆች ባሉበት በፌርፋክስ መንገድ ላይ እንጀራ ልገዛ ገብቼ አንድ ሰው «ሚሚ!» ብሎ ሲጣራ ከሰማሁ፣ የያዝኩትን አስቀምጬ እቆማለሁ።

የምንኖረው ሎስ አንጀለስ፣ ፓልምስ የሚባል ሰፈር ነው። እኔና ባለቤቴ ዳንኤል ያለችን ልጅ አንዲት ናት። ብዙ ጸልየን ያገኘናት ናት። ስሟ ሩት ነው፤ ትምህርት ቤትም ቤተ ክርስቲያንም የሚያውቋት በዚሁ ስም ነው። ቤት ውስጥ ግን ሚሚ እንላታለን።

ከጉዞው ጥቂት ወራት በፊት አስተማሪዋ ወላጆችን ሰብስባ አንድ ነገር መክራን ነበር። ከልጃችሁ ጋር የሚስጥር ቃል ይኑራችሁ አለችን። «እናትሽ ልካኝ ነው» ብሎ የመጣ ሰው ቃሉን ካላወቀ ልጅቷ አብራው አትሄድም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ፌርፋክስ ሄድን። ዳንኤል መኪና ማቆሚያ እየፈለገ መንገዱን ሲዞር ነገሩን አነሳሁት።

«የማትረሳው ቃል ይሁን» አልኩት።

«ታዲያ ሚሚ ይሁና! ከእኛ ሌላ ማን ያውቃል? ቆይ፣ ያ ሰውዬ ሊወጣ ነው መሰለኝ፣ ፓርክ ላድርግ።»

ወደ ኋላ ዞሬ «ሩት!» አልኳት።

«ዋት?»

«አቤት በይ።» ይህን በቀን ስንት ጊዜ እንደምላት ጌታ ያውቃል።

«አቤት።»

«ከእኛ ሌላ ሰው ልውሰድሽ ካለሽ፣ ሚሚ ብሎ ካልጠራሽ አትሂጂ። ከረሜላ ቢሰጥሽም እንዳትቀበዪ።»

«ኦኬ። ሚሚ ካለ ግን እሄዳለሁ?»

«ሚሚ ካለማ እኛ ልከነው ነው» አለ አባቷ።

በዚሁ ተስማማን። እንጀራችንን ገዝተን ወደ ቤታችን ተመለስን። ሁለታችንም አዲስ አበባ ተወልደን ያደግን ሰዎች ነን። እንዲያም ሆኖ የዚያ ቃል ጉድለት ለአንዳችንም አልታየንም።

ሮም የደረስነው በማለዳ ነበር። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደን አውሮፕላን የሚነሳው ማታ ስለሆነ፣ ሻንጣችንን እዚያው አውሮፕላን ማረፊያ አስቀምጠን በባቡር ከተማ ገባን። ዳንኤል ሰማያዊውን የሎስ አንጀለስ ቤዝቦል ኮፍያውን አድርጎ ነበር።

«ከጠፋችሁ ይህን ኮፍያ ፈልጉ። ሮም ላይ ሁለተኛ የለም» እያለ ይቀልድ ነበር።

ቀኑ ደስ የሚል ነበር። ኮሎሲየምን ከውጭ አየነው፤ ሰልፉ ረጅም ስለነበር አልገባንም። ሐዋርያው ጳውሎስ ታስሮ የነበረው በዚህ ከተማ ነው ብዬ ለሩት ነግሬያት ነበር። ከዚያ ወዲያ አሮጌ ግንብ ባየች ቁጥር «ጳውሎስ የታሰረው እዚህ ነው?» ትላለች። በመጨረሻ አባቷ ሰለቸውና «የኔ እናት፣ ይሄ ባንክ ነው» አላት።

ከሰዓት በኋላ ትሬቪ ወደሚባለው ትልቅ የውኃ ምንጭ ሄድን። ሰዉ ከውኃው የበዛ ይመስል ነበር። ተጋፍተን ደርሰን ዳንኤል ፎቶ አነሳን። ከዚያ ውኃ ጠማኝና ጠርሙሱን ከቦርሳዬ ላወጣ የሩትን እጅ ለቀቅሁ። «ወደ አባትሽ ሂጂ፣ መጣሁ» አልኳት። አባቷ ከፊት ለፊታችን ቆሟል። ስትሄድ አየኋት።

ጠጥቼ ቀና ስል ዳንኤል ብቻውን ወደ እኔ መጣ።

«ሩትስ?» አለኝ።

«አንተ ጋ አይደለችም?»

ፊቱ ተለወጠ።

ስሟን እየጠራን ሰዉን መግፋት ጀመርን። ያ ሁሉ ሕዝብ በየቋንቋው ያወራል፣ ውኃው ያስተጋባል፣ የእኛ ድምፅ ከእግራችን ሥር ይቀራል። ዳንኤል «አንቺ ከዚህ እንዳትነቃነቂ፣ ከተመለሰች እዚህ ነው የምትመጣው» ብሎኝ ወደ አንዱ ጠባብ መንገድ ሮጠ።

አንድ ፖሊስ አገኘሁና በእንግሊዝኛ ነገርኩት። ደግ ሰው ነበር። በሬዲዮው እየተናገረ «ምን ዓይነት ልብስ ነው የለበሰችው?» አለኝ። ጠዋት አውሮፕላኑ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ያለበስኳት እኔ ነኝ። የቀሚሷ ቀለም ግን ጠፋኝ። ከዚያ ቀን ሁሉ የሚያመኝ ይህ ነው።

ፖሊሱ በትዕግሥት ሲጠብቀኝ የምንጩ የድንጋይ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ረጅም ጸሎት ከሚጸልዩት አይደለሁም። ያን ጊዜም ብዙ ቃል አልነበረኝም። «አቤቱ፣ አንተ የሰጠኸኝ ናት» ብቻ አልኩ። ይህችኑ ቃል ደጋገምኳት።

ያኔ ነው የሰማሁት።

«የሚሚ እናት!»

ጆሮዬ ነው ብዬ አሰብኩ። እዚያ አገር እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ ሰው የለም። ሎስ አንጀለስም የለም።

«የሚሚ እና-ት! ኧረ የሚሚ እናት!»

ጎረቤት ከአጥር ወዲያ ሆኖ የሚጣራበት ድምፅ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው፣ ሰፈር የሚያዳርስ ድምፅ። ከተቀመጥኩበት እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም።

«አቤት!» አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። «አቤት! አቤት! እዚህ ነኝ!»

ሰዉን ጥሼ ወጣሁ። ከአደባባዩ በሚወጣው አንድ መንገድ አፍ ላይ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ቆመዋል። ፀጉራቸውን በሻሽ አስረዋል፤ አንገታቸው ላይ ማተብ አለ። ዊልቸር ይዘዋል፤ ዊልቸሩ ላይ ነጭ ፀጉር ያላቸው ጣሊያናዊት አሮጊት ተቀምጠዋል። ልጄ የዊልቸሩን እጀታ በሁለት እጇ ይዛለች። ቀሚሷ ቢጫ ነበር።

እንዴት እንዳቀፍኳት አልናገርም።

«አይዞሽ፣ አይዞሽ። ይኸው ልጅሽ» አሉኝ ሴትየዋ። «አንቺ ሆይ፣ ጉሮሮዬን እኮ ጨረስሺው! የት ነበርሽ?»

ስማቸው እትዬ ዘነበች ነው። በወጣትነታቸው ለሥራ ሮም እንደመጡና እዚያው እንደቀሩ፣ አሮጊቷንም የሚያስታምሙት እሳቸው እንደሆኑ ኋላ ነገሩኝ። ያን ጊዜ ግን ማልቀሴን እስክጨርስ ትከሻዬን እየመቱ የሆነውን አጫወቱኝ።

ሩት ወደ አባቷ ስትሄድ ሰው መሐል ገባባት። ከዚያ ሰማያዊ ኮፍያ አየችና ተከተለችው። ኮፍያው የሎስ አንጀለስ ነበር፤ ሰውዬው ግን ሌላ ነው። ሮም ላይ ሁለተኛ አለ ማለት ነው። መንገዱ ጥግ ላይ ሰውዬው ዞር ሲል ፊቱን አየችና እዚያው ቆማ አለቀሰች።

«መልኳን ሳየው የእኛው ልጅ ናት አልኩ» አሉ እትዬ ዘነበች። «ግን ደግሞ ዛሬ ማን ከየት እንደሆነ በምን ይታወቃል? እስቲ ልሞክራት ብዬ ‹ሚሚዬ!› ስላት፣ ‹አቤት› አትለኝም! አቤት! ልቤ ልትወጣ። እዚህ የተወለዱት እኮ ቢጠሯቸውም አይሰሙ።»

ሩት የስልክ ቁጥሬን በቃሏ ታውቃለች፤ ነግራቸው ደውለዋል። እኔ ግን ውጭ አገር ያስከፍላል ብዬ ስልኬን ዘግቼው ነበር።

«እናትሽ ማን ትባላለች እላታለሁ፣ ‹ማሚ› ትለኛለች። እስቲ ሌላስ ስም የላትም ስላት፣ ‹ማሚ ናት› ብላ ልቅሶዋን ለቀቀችው። ፖሊስ ፍለጋ እንዳልሄድ ይህ ወንበር በድንጋዩ ላይ እንቢ አለኝ። ይህቺ የምገፋት ሲኞራ ደግሞ ፀሐይ መታኝ፣ እንሂድ ትለኛለች። የት እሄዳለሁ? የልጅ እናት ከዚህ አትርቅም፣ ልጣራ አልኩ። ስምሽን ካላወቅሁ በልጅሽ ነዋ የምጠራሽ።»

ይህን ስንነጋገር ዳንኤል በላብ ታጥቦ ደረሰ። ልጁን አንስቶ ብዙ ጊዜ ሳያወርዳት ቆየ። ከዚያ ግን አባት ነውና፣ ቁጣውም መጣ።

«ከማታውቂያቸው ሰው ጋር ለምን ቆምሽ? ምን ተባብለን ነበር?»

ሩት ገርሟት አየችው። «ፓስዎርዱን ታውቃለች!»

ሌላ ቀን ቢሆን ትልቅ ሰው «ታውቃለች» አይባልም እላት ነበር።

«የቱን ፓስዎርድ?» አላት።

«ሚሚ አለችኝ። ሶ፣ እናንተ ልካችኋት ነው ብዬ ነዋ።» ከዚያ ወደ ሲኞራዋ ጠቆመች። «እሷ ግን ፓስዎርዱን አታውቅም። ከረሜላ ስትሰጠኝ እምቢ አልኩ።»

እትዬ ዘነበች አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ዳንኤልን አዩ። «የምን ፓስዎርድ ነው?»

ዳንኤል አስረዳቸው። ገና ሳይጨርስ እየሳቁ ወገባቸውን ያዙ።

«ሚሚን? ወይ የእናንተ ነገር! ሐበሻ አይደላችሁም እንዴ? ስሟን የማላውቃት ልጅ ሁሉ ሚሚ ናት። ወንድ ብትሆን ኖሮ ማሙሽ እል ነበር!»

ለሲኞራዋም በጣሊያንኛ ነገሯቸው። እሳቸውም ሳቁ፤ እምቢ የተባለችውን ከረሜላ አውጥተው እንደገና ዘረጉ። እኔ «ተቀበዪ» ስላት ሩት ተቀበለች። እኛም ሳቅን።

ሳቁ ግን ከእኔ ቶሎ ወረደ። ለልጃችን ጠባቂ ብለን የሰጠናት ቃል፣ ማንም ሐበሻ ሳያስብ ከአፉ የሚያወጣው ቃል ነበር። ማንም ሊጠራት ይችል ነበር። የጠሯት ግን እትዬ ዘነበች ናቸው። ይህን ሳስብ እንደገና እንባዬ መጣ።

«እትዬ፣ ምን ልበልዎ? ጌታ ይባርክዎ» አልኳቸው።

«እመቤቴ ናት ያቆመችኝ» አሉና ማተባቸውን ሳሙ። «እኔማ ከዚህ በፊት በዚህ መንገድ አልፌም አላውቅ።»

«አሜን» አልኩ። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው። በዚያች ሰዓት ሁለታችንም ያመሰገንነው ልጄን ለእኔ የመለሰልኝን ነው።

ዳንኤል የሆነ ነገር ልስጥዎት ብሎ ኪሱን ሲነካ እትዬ ዘነበች ተቆጡት። «ተው አንተ! ወገን አይደለን?» አሉት። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀና፣ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ሲጠብቁ ለቆዩት ሲኞራ ጭንቅላታቸው ላይ አደረገላቸው። ስልክ ተለዋወጥን። ቁልቁል ሲሄዱ እትዬ ዘነበች እየገፉ፣ ሲኞራዋ የሎስ አንጀለስን ኮፍያ አድርገው፣ ከሕዝቡ መሐል እስኪጠፉ አየናቸው።

ወደ ቤታችን ከተመለስን በኋላ ለሩት አዲስ ቃል አወጣንላት። እሷ አልፈለገችም ነበር። «አሮጌው እኮ ሠርቷል» አለችን። እውነቷን ነው፣ ሠርቷል። ቢሆንም ለወጥነው። አዲሱን እዚህ አልጽፈውም።

በቅርቡ ፌርፋክስ ላይ አንድ ሱቅ ውስጥ እያለን፣ አንዲት እናት ከበሩ ሆና «ሚሚ! ነይ እንጂ!» ብላ ጮኸች። ከእኛ ጋር ሌሎች ሁለት ልጆችም ዞሩ። ሩት አየችኝና ፈገግ አለች። ከቦታዋ አልተነሳችም።

እኔ ያን ቀን ሳስታውስ ፍርሃቱ አሁን ያንሳል፤ ምስጋናው ግን አላነሰም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ ሆነን ወደ ሮም እደውላለሁ። እዚያ መሽቷል፤ ሲኞራዋን አስተኝተው ብቻቸውን የሚቀመጡበት ሰዓት ነው። ስሜን ከነገርኳቸው ቆይቷል፤ አንድ ቀን ግን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

«የሚሚ እናት!» ይላሉ ስልኩን እንዳነሱ፣ ልክ እንደዚያን ቀን ጮክ ብለው።

«አቤት» እላለሁ። ከኋላ ወንበርም አንዲት ትንሽ ድምፅ አብራኝ «አቤት» ትላለች።