ደምን ቀይ አድርጎ የሚያሳይ ባትሪ

በሸኮ በኩል ባለ አንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከጫካው ወርዶ መስኮታችን ላይ ይለጠፋል። የማዋለጃ ክፍላችን መስኮት አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ዛፍ ጋርዶታል። መብራት ከጠፋ ጠዋትም ቢሆን ጨለማ ነው።

እንዲህ ባለ አንድ ጠዋት የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ወጣት ደም አልቆም አላት። ሕፃኑ ደህና ነው፤ እንግዴ ልጁ ወጥቷል፤ ማኅፀኗም ጠንክሯል። ስለዚህ ደሙ የሚመጣው ከተቀደደ ቦታ መሆን አለበት። መስፋት ነበረብኝ፤ መብራት ግን የለም። ታላቅ እህቷን ጠርቼ የስልኬን መብራት አስያዝኳት።

«ዝቅ አድርጊው። ትንሽ ወደ ግራ። እዚያው ያዥልኝ፣ እህቴ።»

«እሺ ሲስተር» አለች፤ ግን ፊቷን አዙራ ነበር። ብርሃኑ ወደ ግድግዳው ይሄዳል፣ ይመለሳል። መርፌውን ለሁለተኛ ጊዜ ስሰድ ራሷን ስታ ከነስልኩ ወደቀች።

የጽዳት ሠራተኛዋ ጩኸቴን ሰምታ እስክትደርስ ቁስሉን በጎዝ ጨርቅ ተጭኜ ቆምኩ። የማውቀው የደሙን ሙቀት ብቻ ነበር። ወላዷ «እህቴ ምን ሆነች?» ትለኛለች፤ ስለ ራሷ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። እህቷ ነፍሷ ተመለሰ፤ እኔም የጽዳት ሠራተኛዋ ስልኩን ይዛልኝ ሰፍቼ ጨረስኩ፤ ደሙ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ግን መብራቱን በሌላ ሰው እጅ ላለማኖር ወሰንኩ።

በእረፍቴ ቀን ሚዛን ከተማ ሄድኩ። ከጅማ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጡበት ሱቅ ገብቼ የግንባር ባትሪ እንዲያሳዩኝ ጠየቅሁ።

«ሌሊት ቡና ለመጠበቅ ነው?» አሉኝ። «ይሄ ወንዝ ማዶ ያሳይሻል።»

«ማዶ አልፈልግም፣ ሐጂ። የምሠራው እዚህ አፍንጫዬ ሥር ነው።»

መርፌ፣ ክርና ቀይ ጨርቅ ይዤ ነበር። አስፈቅጄ መጋዘናቸው ገባሁና በሩን ዘግቼ በየተራ ሞከርኳቸው። ወንዝ ማዶ የሚያሳየው መሃሉ ላይ ዓይን ያሳውራል፤ ዳር ዳሩ ጨለማ ነው። ሁለተኛው ባትሪ በፊቱ እጅ ባለፈ ቁጥር የሚበራና የሚጠፋ ነበር፤ ክር በሳብኩ ቁጥር ድርግም አለብኝ። ሌላው ጎንበስ ስል ክብደቱ ወደ ዓይኔ ጎተተው። ሌላው ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ብርሃን ስለነበረው ቀዩን ጨርቅ አጠቆረብኝ። ደም ከየት እንደሚመጣ ለማየት ደም ደም መምሰል አለበት።

የቀረው መልከ ጥፉ ነበር። ብርሃኑ ለስለስ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚወስደው፤ ድንጋዩ ከማጅራት በኩል የተቀመጠ፤ አንገቱ ወደ ታች የሚታጠፍ። ቀዩ ጨርቅ ቀይ ሆኖ ታየኝ።

«ይሄን እኮ ደካማ ነው እያሉ ይመልሱብኛል» አሉ ሐጂ። «ምን ልትሠሪበት ነው?»

ነገርኳቸው። ባትሪውን በእጃቸው እያገላበጡ ቆዩ።

«ወሯ የገባ ልጅ አለችኝ» አሉ።

በሰላም ትገላገል ብዬ ባትሪውን ገዛሁ።

ብዙም ሳይቆይ መብራት በሌለበት ሌላ እናት ወለደች። ጓንቴን ከማጥለቄ በፊት ባትሪውን አስሬ፣ አንገቱን አስተካክዬ ጎንበስ አልኩ። ሁለቱም እጆቼ የራሴ ነበሩ፤ ብርሃኑም ዓይኔ የሄደበት ሁሉ ይሄዳል። ሁሉም ነገር ታየኝ። የተቀደደው ከላይ ትንሽ ነው፤ ከሥር ግን እስከ ፊንጢጣዋ ጡንቻ ድረስ ገብቷል። እንዲህ ያለው በደንብ ሳይሰፋ ከቀረ ሴቲቱ ሰገራዋን መቆጣጠር ያቅታታል፤ መስፋቱ ደግሞ ከእኔ አቅም በላይ ነው። በስልክ መብራት ቢሆን ኖሮ ላዩን ሰፍቼ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብዬ ወደ ቤቷ እሸኛት ነበር።

«ምን አየሽ?» አለችኝ ወላዷ።

«የሆስፒታል ሐኪም ሊሰፋው የሚገባ ነገር አየሁ። አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ባሏ አምቡላንሱ በር ላይ ቆሞ፣ «ደሙ ቆሟል አይደል? ለምን ታንገላቷታላችሁ?» አለ። ቆሟል፤ ልክ ነበር። አስረዳሁትና አብሮን መኪናው ውስጥ ገባ። በጭቃው መንገድ መኪናው በዘለለ ቁጥር እጄን ትጨብጠኝ ነበር። ሆስፒታል ሐኪሙ ሰፋላት፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ልጇን ታቅፋ በእግሯ ወጣች።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ገበያ ስወጣ ድሮ በስልክ መብራት የሰፋኋቸውን ሴቶች ፊት አያለሁ፤ ከሥር ያለውን ሳላይ የሸኘኋት የትኛዋ ትሆን እላለሁ። «ደህና ነሽ?» ስላቸው «ደህና» ይሉኛል፤ ያፍራሉ፣ ይቸኩላሉ። ድሮ ይህ መልስ ይበቃኝ ነበር። አሁን ከሰው ገለል አድርጌ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እንደገና እጠይቃቸዋለሁ።