መርፌ ከማርያም እስከ ማርያም

እኔ አንድ ቤት አልረጋም። ሴት ልጄ ሐይቅ ከተማ ናት፤ ወንዱ አምባሰል ገጠር ያርሳል። አንዱ ጋ ስሰነብት ሌላው ይናፍቀኛል፣ ነጠላዬን አጣፍቼ መንገድ ነው። ልጆቼ «እናታችን ከሚኒባስ ረዳት ይበልጥ መንገድ ታውቃለች» እያሉ ይቀልዱብኛል። አሁን ግን ዙረቴ ሁሉ በአንዲት የልጅ ልጄ መርፌ ነው የሚቆጠረው። የት ላይ እንደምትወጋ እንዳልናገር ከልክላኛለች። የምትጽፍልኝ እሷው ስለሆነች ብናገርም አትጽፈውም።

ነገሩ የጀመረው ከጉልበቷ ነው። ከጥምቀት በኋላ፣ ሐይቅ ሴት ልጄ ቤት ሳለሁ፣ ልጅቱ ከትምህርት ቤት እያነከሰች መጣች። ገመድ ስትዘል የዞረባት መስሎን ወጌሻ ጋ ወሰድናት፣ አሻት። ጥቂት ቆይቶ ያ ጉልበቷ ደህና ሆነና ሌላኛው አበጠ፤ ቀጥሎ ክርኗ። ወጌሻው ራሱ፣ ስብራት ቢሆን ከቦታ ቦታ አይሄድም፣ ይኼ የኔ ሥራ አይደለም፣ ጤና ጣቢያ ውሰዷት አለን።

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ጉልበቷን ዳሰሰችና፣ ሰሞኑን ጉሮሮዋን አሟት ነበር ወይ ብላ ጠየቀችን። ለጉልበት ሄደን ስለ ጉሮሮ ስንጠየቅ ከልጄ ጋር ተያየን። አሟት ነበር። በገና ሰሞን ምራቅ መዋጥ አቅቷት ተኝታ፣ በጨው ውሃ ስናስጉመጠምጣት ለቀቃት። አንዲት ዘመዳችን እንጥሏ ይቆረጥ ብላ ነበር፤ እናቷ እምቢ አለች እንጂ። ነርሷ ይህን ስትሰማ፣ እንኳን እምቢ አላችሁ፣ ምላጩ ሌላ ቁስል ከመጨመር በቀር የሚረዳው የለም አለች።

ከዚያ ቁጭ አድርጋ አስረዳችን። ጉሮሮ ላይ የሚሰፍር ባክቴሪያ አለ። ሰውነት እሱን እዋጋለሁ ሲል አንዳንዴ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ይመታል። የጉልበቱ እብጠት ይለቃል፤ ልብ ላይ የደረሰው ግን ጠባሳ ይተዋል። ጉሮሮው ሲመላለስባት ጠባሳውም ይብሳል። ይህን ብላ የልጅቱ ደረት ላይ ማዳመጫዋን አድርጋ ብዙ ቆየች፤ በመጨረሻም ወደ ደሴ ላከችን።

ደሴ ሐኪሙ ልቧን በመሣሪያ አየው። ደም የሚያሳልፈው አንዱ የልቧ በር በደንብ አይገጥምም፣ ትንሽ ያሾልካል አለን። ካልተመላለሰባት ሊሻላት ይችላል፤ ከተመላለሰባት እስከ ቀዶ ሕክምና ይደርሳል። ስለዚህ በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን ትወጋለች፤ ደህና ነኝ ብትልም፣ ለዓመታት። ከክፍሉ ስንወጣ እኔ ለግሸን ማርያም ተሳልኩ። ሳይመለስባት ካቆየሻት፣ ለመስከረሙ ንግሥሽ በእግሯ አወጣታለሁ አልኩ። ሐኪሙም ካልታመመች ቀስ ብላ ብትወጣ ግድ የለም ብሏል።

ሐይቅ ስንመለስ ነርሷ፣ ለመርፌው የማትረሱትን ቀን ምረጡ አለችን። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ወሩን የምይዘው በበዓላቱ ነው። በሃያ አንድ፣ በማርያም ይሁንልን አልኳት። አሰብ አደረገችና፣ አራት ሳምንት ከወር ሁለት ቀን ብቻ ቢያንስ ነው፣ ሁለት ቀን ችግር የለውም፣ ይሁን አለች። ከዚያ ወዲህ የትም ብዞር ለማርያም ሐይቅ እገባለሁ። መጀመሪያ መድኃኒቱ አስቸግሯት እንደሆነ ይጠይቋታል፤ ከተወጋች በኋላም ትንሽ አቆይተው ያዩዋታል። እኔ አግዳሚው ላይ ቁጭ ስል እሷ ግን መቀመጥ ስለማትችል ግድግዳ ተደግፋ ትኮሳተራለች። እዚህ ላይ እስክሪብቶዋን አቁማ አየችኝ።

እንዲህ እያልን ክረምቱ ገባ። ጉልበቷ ሰላም፣ ጉሮሮዋ ሰላም። በነሐሴ ማርያም አስወጋኋትና፣ ትምህርት ስላልነበረ ይዣት አምባሰል ወረድኩ። ጳጉሜን ከአጎቷ ልጆች ጋር የሩፋኤልን ዝናብ ሲታጠቡ ዋሉ። እንቁጣጣሽም አለፈ። ቤቱ እንግዳ በእንግዳ ሆኖ ልጆቹ ሁሉ ባንድ አልጋ፣ ባንድ ኩባያ ነበሩ፤ አንደኛው ደግሞ ጉሮሮዬን እያለ ይነጫነጭ ነበር። በመስቀል ዕለት የኔዋ እንጀራውን አላምጣ መዋጥ አቃታት። «እምዬ፣ ጉሮሮዬ» አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ላይ ነበርን።

ነርሷ በባትሪ አየቻት። ሳልና ንፍጥ ቢኖር ጉንፋን ነው እል ነበር አለች፤ ይኼ ግን ትኩሳት አለው፣ ከእንጥሏ ግራና ቀኝ ነጭ መግል ይዟል፣ አንገቷ ሥርም እጢው አብጧል። ያው የፊተኛው ነው የሚመስለው። መቼ ነው የተወጋችው ስትለኝ፣ በማርያም፣ አንድም አልዘለልኩም፣ የሚቀጥለውንም ወደ ግሸን ስንሄድ በመንገዳችን ልናስወጋ ነበር አልኳት። ጣቶቿን እያጠፈች ቆጠረች።

«እማማ፣ ጳጉሜንስ?»

ጳጉሜን ማን ወር ብሎ ይቆጥራታል። ከነሐሴ ማርያም እስከ መስከረም ማርያም አንድ ወር ብዬ ይዤ፣ መሃል ገብታ ቀኑን አርቃው ኖሯል። መርፌው ከመስቀል በፊት ጊዜው አልፏል። ነርሷ፣ እኔም ይሁን ስል ጳጉሜን አላሰብኳትም አለች። ወዲያው ወጋቻት፤ አምባሰል ጉሮሮዬን የሚል ልጅ እንዳለ ስነግራት፣ እሱንም አምጡት፣ ካልታከመ ለሌላውም ያተርፋል ብላ አዘዘች። ስልክ ተደውሎለት ወንዱ ልጄ ያኑ ቀን ይዞት መጣ።

ስለ ግሸን ጠየቅኋት።

«ልቧን ነክቷት እንደሆነ የምናውቀው ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፣ እማማ። እስከዚያ ዳገት የለም።»

ቤት ገብቼ ተክዤ ሳለ ጎረቤታችን መጣች። እስላም ናት፣ ሐይቅ ገበያ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች፤ እኔና እሷ ስንቀላለድ ነው ያረጀነው። ሁሉንም ነገርኳት።

«ወላሂ አንቺ ሴትዮ፣ ማርያምን ለስለትሽ ተያት። ለመርፌው የሳምንቱን ገበያ ያዢ። በአራተኛው ገበያ ትወጋ፤ ገበያ ጳጉሜን አያውቅም። ከረሳሽ እኔ በርበሬዬን ተሸክሜ ሳልፍ በርሽን አንኳኳለሁ።»

«ስለቴንስ? ትቀየመኛለች።»

«አብሽሪ፣ እሷም ልጅ ያሳደገች ናት። ይገባታል።»

የንግሡ ሰሞን የምእመናኑ አውቶቡስ እየዘመረ በሐይቅ ሲያልፍ እኔና ልጅቱ በር ላይ ቁጭ ብለን አየነው። ጠዋት ጠዋት ጉልበቷን እዳስሳለሁ። ገበያ ላይ እንዳለ ሎሚ ጨመቅሽኝ እያለች ትስቅብኛለች፤ እኔ አልስቅም ነበር። ጉልበቷ አላበጠም። ሳምንታቱ ሲያልቁ ነርሷ አዳመጠቻት፣ ደሴም ደግመው በመሣሪያ አዩዋት። የልቧ በር ያው እንደነበረው ነው፣ አልባሰም አሉን።

በጥር፣ ለአስተርእዮ ማርያም፣ ግሸን ወጣን። ከአውቶቡስ ወርደን ዳገቱን ስንጀምር ቀስ በይ፣ ቀስ በይ እያልኩ ከኋላ ከኋላዋ ሄድኩ። ኋላ ላይ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ የምትጠብቀኝ እሷ ሆነች። ትንፋሹ ያጠረው የኔ ነው። ላይ አድረን፣ አስቀድሰን፣ ስለቴን አደረስኩ። አብረውን የወጡት ሴቶች፣ ሌላ ቀን ጨምሩ፣ ምን ያጣድፋችኋል ሲሉን ልጅቱ ቀድማኝ መለሰች።

«ነገ አራተኛው ገበያ ነው።»

ያኑ ቀን ወርደን ሐይቅ ገባን። በነጋታው ጠዋት ገና ፊቴን እየታጠብኩ በሩ ተንኳኳ፤ ጎረቤቴ ናት፣ በርበሬዋን ተሸክማ።