ለመሐንዲሱ ያጸዳነው ጅረት

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት አክስቴ ግድግዳዋን ከለጠፈችበት ጋዜጣ ላይ ነው። አንዳንዱ ገጽ ተዘቅዝቆ ስለተለጠፈ፣ የተዘቀዘቀ ጽሑፍ ዛሬም ከማንም ፈጥኜ አነባለሁ። የቀበሌው ጸሐፊ ማመልከቻ ጻፍ ሲሉት "ነገ" ነው የሚለው፤ ስለዚህ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ወረቀቱን ይዞ ወደ እኔ ነበር የሚመጣው።

የዚያን ዓመት ጉዳያችን ጅረቱ ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ በሰፈራችን ጀርባ አልፎ፣ ትልቁ አሸዋ የምንለው ደረቅ ወንዝ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ውኃ ነው። ልጅ ሳለሁ ልብስ እናጥብበት ነበር፤ ዳርና ዳሩ ፓፓያና ሎሚ ነበር። ኋላ ሰዉ ጥራጊውን፣ አመዱን፣ የተሰበረ ባልዲውን እየደፋበት ጉሮሮው ታነቀ። ደጋው ላይ ሲዘንብ የሚወርደው ጎርፍ መሄጃ ሲያጣ ዳሩን ይበላል፤ የሚበላው ደግሞ በአክስቴ ቤት በኩል ነው። ከጓዳዋ ግድግዳ እስከ ገደሉ አራት እርምጃ ብቻ ቀርቶ ነበር። እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ከዚያ ቤት ሌላ አልነበራትም።

መንግሥት ለከተማ ልማት ድጎማ ይሰጣል ሲባል ሰማንና ጻፍኩ፤ ጅረቱ ይጠረግልን፣ ዳሩም በሽቦ በታሰረ ድንጋይ ይገንባልን ብዬ። ሦስት ጊዜ መለሱት። አንዴ ማኅተም የለውም አሉ፣ አንዴ ማኅተሙ ደብዝዟል፣ አንዴ ደግሞ መጨረሻው ላይ አብዮታዊ ሰላምታ ዘንግቼ ነው። በአራተኛው "መሐንዲስ ረቡዕ መጥቶ ያያል" የሚል ወረቀት መጣ።

አፎሻችንን፣ ማለት በሠርግም በሐዘንም የምንረዳዳበትን የሴቶች ማኅበር፣ የምትመራው ጎረቤታችን ነበረች፤ ሁላችን "አዴ" እንላታለን። ወረቀቱን ሳነብላት ደረቷን መታች።

"ረቡዕ? አቦ፣ የመንግሥት እንግዳ በዚህ ግማት ላይ ልናስሄደው ነው? ወላሂ አይሆንም!"

በእኛ ሰፈር እንግዳ የሚገባበትን ቤት አፎሻው ወጥቶ ያጸዳል። እንደዚያው ሆነ። እሑድ ሴቱ አካፋና መጥረጊያውን ይዞ ወረደ፤ ወንዶቹ ጋሪ አመጡ። ሰኞና ማክሰኞም አልቀረንም። የዓመታት ቆሻሻ ወጣ፤ የጅረቱ አሸዋ ተጠርጎ ግቢ መሰለ።

አክስቴ ዳር ቆማ ታያለች። "እንዳለ ይየው እንጂ" አለች። "ደህና ነኝ እያልኩት ሐኪም መድኃኒት ይሰጠኛል?"

"አንቺ ደግሞ! ሙሽራ በቡቱቶ ልንድር ነው?" አለቻት አዴ፤ ሴቱ ሳቀ።

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺ እንኳ ንገሪያቸው፤ ማመልከቻውን የጻፍሽው አንቺ ነሽ።"

"እትዬ፣ አታሳፍሪን" አልኳት። ከጓዳዋ በታች ጎርፉ የቦረቦረውን የገደሉን ፊት፣ ጭቃ በጭድ አቡክቼ በገዛ እጄ ለሰንኩት። ስጨርስ ወደ ኋላ ብዬ ሳየው አማረልኝ።

መሐንዲሱ መጣ። ካኪ የለበሰ ትሁት ወጣት ነው። ማንጎ ቆርጠን ሰጠነው። ከላይ እስከ ታች ሲመላለስ ጫማው እንኳ አልቆሸሸም። "የነቃ ሕዝብ ማለት ይሄ ነው!" እያለ ይጽፋል። ከፊቱ ቆሜ ወረቀቱን እንደተዘቀዘቀ አነበብኩት፤ "ጽዱ፣ በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ" ይላል። ደስ አለኝ። አክስቴ ብቻ ተከተለችውና፣ "ጓድ፣ ይሄ ልስን ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው" አለችው።

"ይገባኛል፣ እናቴ" አለና ስለ ማንጎው አመስግኖ ሄደ።

ከወር በኋላ የመጣውን ደብዳቤ በቀበሌው አዳራሽ ያነበብኩት እኔ ነኝ። "ችግሩ በሕዝቡ ተሳትፎ የተወገደ ስለሆነ፣ ድጎማው ለሌላ ቀበሌ እንዲውል ተወስኗል።" ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡ፤ የተመሰገንን መስሏቸው።

እኔና አዴ መሐንዲሱ ቢሮ ሄድን።

"ያየሁትን ነው የጻፍኩት" አለ። "ሌላ ምን ልጻፍ?"

"እንግዲያው ቆሻሻውን መልሰን እንድፋውና ተመልሰህ ና!" አለችው አዴ።

"እሱንማ ፀረ አብዮት ይሉታል።" እየቀለደ ይሁን እያስፈራራ ዛሬም አላውቅም። በዚያ ዘመን ያ ቃል ሰው የሚያስበላ ስለነበር ነጠላችንን አስተካክለን ወጣን። መንግሥትን ስንት ዓመት ረገምኩ፤ ይገባዋልም። ጭቃውን ያቦካው ግን መንግሥት አልነበረም።

በክረምቱ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እኛ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ዘንቦ ጎርፉ መጣ። አክስቴ ቀፊራ ገበያ ሄዳለች። እኔ ቆሜ አየሁ። መጀመሪያ የእኔ ልስን ረገፈ፤ ቀጥሎ ዳሩ ተናደ፤ ከዚያ ጓዳው፣ ከዚያ መኝታ ክፍሏ ከነአልጋው ሄደ። ስትመለስ ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ አየችው።

"እትዬ..." ስላት፣

"ተይ፣ የኔ ልጅ" አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት የተረፈውን ቆርቆሮና አንድ በር አስነቅላ፣ በባቡር አስጭና ኤረር ወንድሟ ዘንድ ሄደች። እዚያ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አንድ ክፍል ሠራች፤ ቲማቲም እያመረተች ለመንገደኛ ትሸጥ ነበር። እኔ እየሄድኩ እጠይቃታለሁ። እሷ ግን ድሬዳዋን ዳግመኛ አልረገጠችም።