ከግሩፑ ያስወጣኋት ልጅ

ይህን ነገር ከበደልኳቸው ሁለት ሰዎች በቀር ከነሥሩ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። በየጾሙ ጥቃቅኗን ሁሉ ለምዘረዝርላቸው ለንስሐ አባቴም ይህችን አንዷን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። አንተ የምታነበኝ ሰው አታውቀኝም፤ ላንተ መናገር የቀለለኝም ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

ላሊበላ ውስጥ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። በወረርሽኙ ጊዜ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ እንግዳ ቀረ፤ ሆቴሎቹ ባዶ ሆኑ። ከነዚያ ባዶ ሆቴሎች በአንዱ አዳራሽ የአካባቢው የሳይንስ መምህራን ለሥልጠና ተጠራን። ተማሪዎች በቴሌግራም ሲማሩ ዝም ብለው እንዳይቀመጡ፣ እንዲጠይቁና እንዲሞክሩ ማድረግን ልንማር ነው። አሠልጣኟ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ማስታወሻ ብቻ አትላኩ፣ ቤታቸው ባለው ነገር አሠሯቸው፣ የዘገየውን ጠብቁት ትለን ነበር። በመጨረሻው ቀን እያንዳንዳችን የቴሌግራም ግሩፓችን አዳራሹ ግድግዳ ላይ እየታየ ተማሪዎቻችንን እናስተምራለን። ጥሩ የሠራው ወደፊት አሠልጣኝ ይሆናል ተባለ። ፈለግሁት። ለምን እዋሻለሁ? በጣም ፈለግሁት።

ከተማሪዎቼ መካከል ትርንጎ የምትባል፣ ከአሸተን ማርያም ገዳም በታች ካለ የገበሬ ቤት የመጣች ልጅ ነበረች። ስልኩ የታላቅ ወንድሟ የሲሳይ ነው። ሲሳይ አስጎብኚ ነበር፤ ሥራ ሲቆም ስልኩን ለእሷ ተወላት። ቤታቸው ኔትወርክ ስለሌለ ከቤቱ በላይ ካለ ቋጥኝ ላይ ወጥታ ነው የምትማረው። መልሷ የሚደርሰው እኛ ሌላ ርዕስ ከጀመርን በኋላ ነው፤ ሁሉም ባንዴ ይዘረገፋል፤ ድምጿ ውስጥ ነፋስ ይሰማል። አንድ ቀን ገብስ በጨለማና በብርሃን አብቅሉ ብዬ ነበር። ሌሎቹ ረስተውት እሷ ብቻ ሠራችው። ጨለማ ውስጥ ያለው ረዘመ ግን ነጣ፣ ለምን ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። አሠልጣኟ ትፈልገው የነበረው እንዲህ ያለ ጥያቄ አልነበረም?

እኔ ግን ለመጨረሻው ቀን ሌላ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ለከተማው ልጆች ጥያቄውንም መልሱንም ቀድሜ ሰጥቻቸዋለሁ። ማን ቀድሞ እንደሚመልስ፣ ማን ምን እንደሚጠይቅ ተነጋግረናል። ትርንጎ ይህን አታውቅም። የነፋሱ ድምፅ መሀል ላይ ቢገባ ድራማዬ ይበላሻል። ስለዚህ በዚያን ቀን ጠዋት ስሟን ነካሁና ከግሩፑ አስወጣኋት። ማንም አላስገደደኝም።

ትምህርቱ አማረ። ሲያልቅ አሠልጣኟ፣ “ተማሪዎችዎ ሁሉም ነበሩ?” አለችኝ።

“አዎ፣ ሁሉም” አልኩ።

ያኔውኑ ትርንጎን ወደ ግሩፑ ልመልሳት እችል ነበር። ግን መውጣቷን አይታ ለምን ብትለኝስ? ምን እንደምላት ሳውጠነጥን ሲሳይ ከቋጥኙ ላይ ደወለ። ክፍሉ ከስልኩ ላይ ጠፋ አለኝ፤ እህቱ ያጠፋችው ነገር ካለ ይቅር እንድላት ለመነኝ።

“ምንም አላጠፋችም” አልኩት። “ኔትወርክ ነው፤ ወይም ስልኩ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ወጥታ ትሞክር።”

ማስወጣቴ የጣቴ ሥራ ነው ልበል። ይህን ግን በአፌ ተናገርኩት።

እኔ መምህሯ ከፍ ያለ ቦታ ትውጣ ስላልኩ ከለመደችው ቋጥኝ አልፋ ወጣች። ክረምት ነበር፤ ድንጋዩ ረጥቧል። አዳልጧት ወደቀችና ክንዷ ከክርኗ ላይ ተሰበረ። ወጌሻ አሸው፣ ሆስፒታልም ተወሰደች፤ ሆኖም ክንዷ ከዚያ ወዲህ ተዘርግቶ አያውቅም።

ልጠይቃት ሄድኩ። አባቷ አያ ሞላ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ተቀበሉኝ፤ ልጃቸውን ለትምህርት ስላጓጓሁ መረቁኝ። ከዚያ እኔ ፊት ወደ ሲሳይ ዞረው፣ “ያንን የተበላሸ ስልክ ሰጥተህ ልጄን ገደል ሰደድክብኝ” አሉት። ሲሳይ አቀረቀረ። ስልኩ ደህና እንደነበር የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። መደቡ ላይ ተቀምጬ ያቀረቡልኝን እየበላሁ ነበር። ምን ነበረበት አንዲት ቃል ባወጣ? ዝም አልኩ። ስመለስ መንገድ ላይ ቆሜ ስሟን ወደ ግሩፑ መለስኩ።

አሠልጣኝ ሆንኩ። ጦርነቱ መጥቶ አለፈ፤ አያ ሞላ አረፉ፤ ትርንጎ ተመርቃ ኩልመስክ የሳይንስ መምህርት ሆነች። ዘንድሮ በክረምቱ ሥልጠና አዳራሽ ስገባ ከሠልጣኞቹ መሀል ተቀምጣ አየኋት። ስለ ኢንተርኔት ትምህርት ስናወራ አንድ መምህር፣ ኔትወርክ የሌላቸውን ልጆች መተው ነው የሚሻለው፣ ሌላውንም ያዘገያሉ አለ። ትርንጎ ተነሣች።

“እኔ ኔትወርክ የሌለኝ ተማሪ ነበርኩ” አለች። “እኚህ መምህር ግን ጠብቀውኛል።”

ተጨበጨበልኝ። እኔም ትሑት ሰው መስዬ አንገቴን ደፋሁ። እንደገና ዋሸሁ ማለት አይደለም?

ምሳ ላይ ለብቻዋ ጠርቼ ነገርኳት። ኔትወርክ አልነበረም፣ እኔ ነኝ ያስወጣሁሽ አልኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም።

“እኔስ እጄን ለምጄዋለሁ” አለች። “ለሲሳይ ይንገሩት። አባባ እስኪሞቱ ድረስ በዚያ ስልክ ምክንያት ፊት ነሥተውት ነበር።”

ይህን አላውቅም ነበር። ጠይቄ ስላላወቅሁ ነው።

ሲሳይን ገነተ ማርያም አገኘሁት፤ እንግዶች ይዞ መጥቶ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ቆመን ሁሉንም ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ መሬት መሬት እያየ፣ “አባባ በሕይወት እያሉ ቢነግሩኝ ጥሩ ነበር” አለኝ። ከዚያ እንግዶቹ ጠሩትና ሄደ። በዚያ ሰዓት እንኳን አንተ አላለኝም።

ጊዜው ክፉ ነበር፣ ሁላችንም በአዲስ ነገር ግራ ተጋብተን ነበር ልልህ እችላለሁ። እውነትም ነው። ግን ልጅቷን ያስወጣኋት ጊዜው አይደለም፤ እኔ ነኝ። ወንድሟ ሲሰደብ እንጀራቸውን እየበላሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ካንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ አንተን አልበደልኩህም። የሁለቱን ልጆች ይቅርታ፣ ቢሰጡኝም ባይሰጡኝም፣ እጠብቃለሁ። አያ ሞላ ግን በልጃቸው አዝነው ሞተዋል፤ እሳቸው ጋ ሄጄ ልጅዎ አላጠፋም ልላቸው አልችልም።