አንበሳን ማዳከም

በዚያ ክረምት አርባ እንስሳት ሣልኩ። ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር የጉልበት ቁጥር አለ፤ ከቁጥሩ ሥር ደግሞ ሁለት ስንኝ ግጥም። ሰው ካርዶቹን ይለዋወጣል፣ አሥር ይመርጣል፣ ያዋጋል። ውጊያው ለተጫዋቹ ነው፤ ግጥሙ ለእኔ። እስከዚያ ድረስ ግጥሜን ያነበበችው እናቴ ብቻ ናት፤ እሷም መነጽሯ ሲገኝ ነው።

ሆሳዕና ከተማ ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ያላቸው ጋሼ በወፍራም ወረቀት አተሙልኝ። ቤተሰባቸው ከጉራጌ የመጣ ነው፤ ያልሞከሩትን ዕቃ አይሸጡም።

“ራሴ እጫወተዋለሁ፤ እስከ ቅዳሜ ካልሰለቸኝ መደርደሪያ ላይ ይወጣል” አሉኝ።

ተጋጣሚ አላጡም። አንድ የሒሳብ መምህር ፈተና ሊያባዙ መጥተው መብራት ጠፍቶ ተቀምጠዋል። ሕጉን ነገርኳቸው፦ ካርድ ለካርድ ይወጣል፣ ከዚያ ሳንቲም ይወረወራል፤ አንበሳ ከወጣ ማጥቃቱ ይሳካል፣ ጀርባው ከወጣ ይከሽፋል።

“ይሄ ዕጣ ነው” አሉ መምህሩ። “እኔ የቤተክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ። ተማሪ በመንገድ እያለፈ ሳንቲም አልወረውርም።”

“ፈተና ላይ ‘ካላወቃችሁ ገምቱ’ ትላቸው የለም እንዴ?” አሉ ጋሼ።

“እሱ ሌላ ነው።”

ሳንቲሙ ቀረ። በአገሩ ያለው ሰው ግማሹ እንደ መምህሩ ነውና ልከራከር አልቻልኩም። ዕድል ሲወጣ ግን የቀረው ቁጥር ብቻ ሆነ፤ ከቁጥሮቹ ደግሞ ትልቁ የአንበሳው ዘጠኝ ነበር። ጋሼ ስድስት ካርድ ሰጥተው አንበሳውን በልውውጥ ወሰዱ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልሰጡም፣ አልተቀበሉም፣ አልተሸነፉም።

ማክሰኞ ዕለት መምህሩ ካርዳቸውን አስቀመጡ። “ይሄ ጨዋታ አይደለም። ቁጥሩን አምስት አድርጊው።”

“ግጥሙ አይፈቅድም” አልኩ።

“የምን ግጥም?” አሉ ጋሼ። አንበሳውን ከያዙ ሁለተኛ ቀናቸው ነው።

ካርዱን ተቀብዬ አነበብኩላቸው።

እሱ ካልፈቀደ ፀሐይ አትጠልቅም፤
እሱ ከተነሳ የሚቀመጥ የለም።

“ደህና ነው” አሉና ካርዱን መልሰው ወሰዱ። ከጻፍኩት ሁሉ የምወደው እሱን ነበር።

ረቡዕ ገጠር ወርጄ ሀቢቾ የምትኖረው አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ጓሮዋ ውስጥ ከወደቀ እንሰት አጠገብ ቆማለች፤ ሥሩ ተበልቷል። ከእንስሳት ሁሉ ኃይለኛው የቱ እንደሆነ ጠየቅኳት።

“ፍልፈል” አለች፣ ሳታስብ።

“አንበሳስ?”

“አንበሳ ምኔን በላብኝ?”

እኔ ከተማ ተቀምጬ ስለ ጥፍርና ስለ ጎፈር ጽፌያለሁ። ለፍልፈል ጉልበት አንድ ብቻ ሰጥቼ አሹፌበታለሁ። አክስቴ ጉድጓዱን አሳየችኝ፤ ትኩስ አፈር ካበጠ እዚያው ነው፣ ያኔ ማንም ይይዘዋል አለችኝ።

ስመለስ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሦስት የእንሰት ካርድ ሣልኩ፤ ሦስቱም የተበሉበት ይሸነፋል። ፍልፈል ከማንም ጋር ሳይጋጠም አንድ እንሰት ይበላል፤ በሚቀጥለው ተራ ግን ማንኛውም ካርድ ያሸንፈዋል። ጃርትም በጓሮ ገብቶ አንድ እንሰት ይበላል። አንበሳ ዘጠኙን እንደያዘ ቆየ፤ እንሰት መጠበቅ ግን አይችልም። ችግሩ ይህን ሁሉ የት እጽፈዋለሁ የሚለው ነበር። ከሥዕሉ ሥር ያለው ቦታ ሁለት መስመር ብቻ ይይዛል፤ እሱንም ግጥሜ ይዞታል።

ሁለት ቀን ሙሉ አርባውንም ደለዝኩ። ፍልፈሉ ላይ እንዲህ አልኩ፦

ከሥር ሆኖ ይበላል፣ ማንም ሳያየው፤
አፈሩ ሲያብጥ ግን ያገኘ ይያዘው።

አንበሳውን መጨረሻ አደረግኩት። ፀሐይዋን ሰረዝኳት፤ ከዚያ ‘የሚቀመጥ የለም’ የሚለውን።

ፊት ለፊት የመጣ ሁሉ ይሸነፋል፤
እንሰት ሲቆፈር ግን ጋደም ብሎ ያያል።

ከፊተኛው ያነሰ ነው። ዛሬም አነሰ እላለሁ።

ቅዳሜ መብራት ነበረ፤ መምህሩ ግን ያለ ፈተና መጡ። በሦስተኛው ዙር ጃርት አውጥተው የጋሼን ሁለተኛ እንሰት በሉ። ጋሼ አንበሳቸውን ደረቡበት።

“አይሆንም” አሉ መምህሩ። “አንብበው። ‘ፊት ለፊት የመጣ’ ይላል። የእኔ ጃርት በጓሮ ነው የመጣው።”

ጋሼ ካርዱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡ። ከዚያ የጃርቱን ተቀብለው አነበቡ። ሌላ መውጫ ፍለጋ በእጃቸው ያሉትን ሰባቱንም አንድ በአንድ፣ ድምፅ እያወጡ አነበቡ። ፎቶ ኮፒ የሚጠብቅ ሰው ሦስት ደርሶ ነበር፤ ማንም አላስተናገደውም።

ሦስተኛው እንሰታቸውም ተበላ፤ ተሸነፉ። ካርዶቹን ሰብስበው አስተካከሉና ከካልኩሌተሮቹ ጎን መደርደሪያው ላይ አቆሟቸው።

“ሕጉ ደህና ነው” አሉኝ። “ግን ለምንድን ነው ቤት የሚመታው?”

“በቃል ለመያዝ እንዲቀል ነው” አልኳቸው።