ቦይለሩ በዓመት ስንት ጊዜ ይጠፋል?

«አንች ልጅ፣ ምላስሽ ከዚህ ቧንቧ ቀድሞ ይሰነጠቃል» አሉኝ አባባ፣ ፊት ለፊቴ ቆመው።

አባባ የምንላቸው ኮምቦልቻ በነበረው የሳሙና ፋብሪካችን ቦይለሩን ሃያ ዓመት ያነደዱ ሽማግሌ ናቸው። እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ያልመጣልኝ፣ በየሰዓቱ የእንፋሎቱን ግፊት እያነበብኩ መዝገብ ላይ የምጽፍ ጊዜያዊ ሠራተኛ ነበርኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ መቀመጥ ስለማልችል በመሐሉ ግቢውን እዞራለሁ፤ ስዞር ያየሁትን ደግሞ እናገራለሁ። ያን ዕለት የጥገና ኃላፊውን ሰው ፊት «የበየዱት እንደገና እያፏጨ ነው» ብዬው ነበር።

ቦይለሩ አናቱ ላይ አጭር አንገት አለው፤ የእንፋሎቱ ቧንቧ ከዚያ ጋር ተበይዶ በብረት ምሰሶ ተደግፎ ወደ ሳሙና ማብሰያው ይሄዳል። የሚሰነጠቀው ሁልጊዜ እዚያው አንገቱ ሥር ነው። በዚያ ዓመት ሦስተኛው መሆኑ ነበር። በተሰነጠቀ ቁጥር ቦይለሩ ይጠፋል፣ ሳሙናው ማብሰያው ውስጥ ይረጋል፣ ኃላፊው ይጮሃል። ጩኸቱ የሚያርፈው አባባ ላይ ነው።

«እንፋሎቱን ባንዴ እየለቀቁበት ነው! ከእንግዲህ ከተሰነጠቀ ወደ በር ጥበቃ ይዛወራሉ።»

ውሸቱን ነው። አባባ ቫልቩን «ቢስሚላህ» ብለው ሩብ ዙር ይከፍቱና ቧንቧው እስኪሞቅ ቆመው ይጠብቃሉ፤ በትዕግሥታቸው ስንት ጊዜ ተናድጃለሁ። ከዚያ ቦይለር ተነሥተው በር ላይ መቀመጥ ለእሳቸው በቁም መቀበር ነበር።

ከአዲስ አበባ አንድ ወጣት መሐንዲስ ተጠራ። ቦይለሩ ላይ ወጥቶ ግማሽ ቀን ሲለካ ዋለ። ወርዶ ኃላፊውን ጠየቀው።

«በዓመት ስንት ጊዜ ይጠፋል?»

«አንድ ጊዜ፤ ለዓመታዊው እጥበት።»

መሐንዲሱ ደመረ፣ አባዛ፣ ራሱን ነቀነቀ። «እንደዚያ ከሆነ አንገቱ መሰንጠቅ አልነበረበትም። ጥፋቱ አከፋፈቱ ላይ ነው ማለት ነው» ብሎ ወደ አባባ ዞረ። አባባ ቆባቸውን አወለቁ።

«አንድ ጊዜ?» አልኩ። «ምን ዓይነት ቅጥፈት ነው?»

ሮጬ መዝገቡን አመጣሁ። ግፊቱ ዜሮ የወረደበትን ቀን እየፈለግን አራታችንም አጎነበስን።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ መሐንዲሱ።

«ፋሲካ» አልኩት።

«በማግስቱ ተነሥቶ እንደገና የጠፋውስ?»

«ሙስሊሙ ሠራተኛ ክርስቲያን ጎረቤቱ ቤት ተጠርቶ ቀረ። ሰው ስላልሞላ አጠፋነው።»

«ይሄኛውስ?»

«ኢድ።»

«ማግስቱ?»

«ክርስቲያኑ ተጠርቶ ቀረ።»

«መውሊድም እንዲሁ?»

«መውሊድማ ማን ይመጣል!» አሉ አባባ።

«ይሄ ደግሞ የምን በዓል ነው?»

«መብራት ጠፍቶ ነው።»

ቆጠራው ከስልሳ አለፈ። መሐንዲሱ እስክሪብቶውን ጥሎ ሳቀ። ከዚያ መሬት ላይ የወደቀ ሽቦ አንሥቶ አንዴ አጠፈው፤ ምንም አልሆነም። ለአባባ ሰጣቸው። እያጠፉ እየዘረጉ፣ እያጠፉ እየዘረጉ ቆዩና ሽቦው ለሁለት ተቆርጦ እጃቸው ላይ ቀረ።

«ብረትም ይደክማል፣ አባባ። ቧንቧው ሲሞቅ ይረዝማል። መሄጃ ካጣ የቦይለሩን አንገት ይገፋል። አንዴ ቢገፋው ይችለዋል፤ በየበዓሉ ከገፋው ግን መጨረሻው እንደዚህ ነው። ለመሆኑ ቧንቧውን ከምሰሶው ጋር ማን በየደው?»

ኃላፊው ጫማውን አየ። ዓመቱ ሲጀምር፣ ከመጀመሪያው ስንጥቅ በፊት፣ «እንዳይንቀሳቀስ» ብሎ ጥርቅም አድርጎ የበየደው ራሱ ነበር።

«አብሽር» አሉት አባባ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርገው። «ለደግ ብለህ ነው።» እኔ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም።

አባባ ከቦይለራቸው ሳይነሡ ቀሩ። ቧንቧው ከምሰሶው ተላቀቀ፣ ሲረዝም የሚተጣጠፍበት ክርንም መሐሉ ላይ ተሠራለት። በዓል ሲሆንም ቦይለሩ እንዳይጠፋ፣ በትንሽ እሳት እየሞቀ ሰው እንዲጠብቀው ታዘዘ፤ በክርስቲያኑ በዓል ሙስሊም፣ በሙስሊሙ ክርስቲያን። ለአረፋ እኔ ተመደብኩ።

«የአረፋን ሥጋ ልታስቀሩብኝ ነው?» ብዬ ጮህኩ። የሰማኝ የለም።

በአረፋ ቀን ኮምቦልቻ ጭር ብላለች። አንገቱ ደረቅ መሆኑን አሥር ጊዜ ተነሥቼ አየሁ። ሰባት ሰዓት ግድም አባባ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ደሴ ካለው ቤታቸው በሚኒባስ ወረዱ። እኔን ሰላም ከማለታቸው በፊት የግፊቱን መርፌ አዩ፤ ቀጥለው ወደ አንገቱ አንጋጠጡ።

«ኢድ ሙባረክ፣ አባባ። ምነው በበዓልዎ?»

«ሰገድኩ፣ አረድኩ፣ ለእናንተም በክርስቲያን አሳረድኩ፣ በላሁ። ቤት ብቀመጥ ሐሳቤ እዚህ ነው። ተነሽ፣ ቤት እየጠበቁሽ ነው።»

«ኃላፊው መጥቶ ቢያጣኝስ?»

«እሱ? እኔ ቤት ነው ያለ። ጉበቱን ሳይጨርሰው ድረሽ!»

ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። ነጠላዬን አንሥቼ በበሩ ወጣሁና ወደ ደሴ የምትወጣ ሚኒባስ በእጄ አስቁሜ ገባሁ።