ቁልፍ ያለው ካሜራ

ለሳኙ ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ግድግዳ ሲያለሰልስ የራሱን ጣቶች አሻክሮ ቀረ። ሲሚንቶና ኖራ ጫፋቸውን ስለበላው፣ የስልክ መስታወት ሲነካ ስልኩ ጆሮ ዳባ ልበስ ይለዋል። "አባዬ፣ ቀስ አድርገህ ንካው" ትለዋለች ትልቋ ልጁ። ቀስ አድርጎ ይነካል፤ ወይ ፍንክች! ሲደወልለት በአፍንጫው ጫፍ ነው የሚያነሳው፤ ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ።

ስለዚህ የቤቱ ፎቶ አንሺ ሚስቱ ነበረች፤ የደንብ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሰፊ ናት። አንድ እሁድ ልብስ ስታጥብ ስልኳ ከደረት ኪሷ ሾልኮ ባልዲ ውስጥ ገባ። የወሰደችለት ስልክ ጠጋኝ "ስልኩ ይድናል፤ ውስጡ የነበረው ግን የለም" አላት። የትንሹ ልጅ የመጀመሪያ እርምጃ፣ አማቷ ያለ ምርኩዝ የቆሙበት ቀን፣ የአራት ዓመት ኑሮ በአንድ ባልዲ ውሃ ሄደ። አላለቀሰችም። ቤት ተመልሳ የቀረውን ልብስ ማለቅለቅ ቀጠለች። ባሏን አንጀቱን የበላው ይህ ዝምታዋ ነው።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሠርቶ፣ እጁን ሁለቴ ታጥቦ ካሜራ መሸጫ ሄደ። ሻጯ ወጣት ናት። መጀመሪያ ክንድ የሚያህል ሌንስ የተገጠመለት ካሜራ አወጣችለት።

"ይሄ ለሠርግም ለዜናም ይሆናል፣ ጋሼ።"

"እኔ ዜና የለኝም፣ ልጄ። እናት፣ ሚስትና ሁለት ልጆች ናቸው ያሉኝ። ቀለል ያለ፣ አቅሜን የሚያውቅ ስጪኝ።"

ስቃ ሌላ አመጣች፤ ጀርባው እንዳለ በጣት የሚነካ መስታወት ነው። ነካው። ደገመው። ሦስተኛው ላይ እጁን ኪሱ ከተተና "በሌላ ቀን እመለሳለሁ" ብሎ ወደ በሩ ዞረ።

ሻጯ ጣቶቹን አይታ ኖሮ "አንዴ ይቆዩኝማ" አለችው። ከታችኛው መደርደሪያ ጠርዙ የተፋቀ ትንሽ ካሜራ አነሳች። "ያገለገለ ነው፤ ሞዴሉም አልፎበታል። ግን የሚጫኑት ቁልፍ አለው። እስከ ግማሽ ይጫኑት፤ ጢው ሲል ጨርሰው ይጫኑት።"

ተጫነ። ጢው፣ ቀጭ! ካሜራው ታዘዘው። ፎቶው ላይ የወጣችው ሻጭ ግን ግንባር አልነበራትም።

"በግማሽ ወሰዱኝ እኮ!" አለች።

የባልዲውን ነገር ሲነግራት ሳቋን ተወችና፣ "እንግዲያው ፎቶዎቹን በየወሩ ሌላ ቦታ ያስገልብጡ፤ ባልዲ ለካሜራም አይራራም" ብላ መከረችው። ዋጋው ከፈራው ግማሽ ሆነለት።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያነሳው እግርና ጣሪያ ነበር። "ልስንህን ለማሳየት ነው እንዴ የገዛኸው?" አለችው ሚስቱ። እናቱ ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር አይነሱም፤ ካሜራ ሲዞርባቸውም ፊታቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። አንድ ጠዋት ግን እጃቸውን ዘረጉ።

"እስቲ ወዲህ በለው።"

"እማዬ፣ ፎቶ አትወጂም አልነበር?"

"መነሳቱን ነው የማልወደው። ማንሳቱን መቼ ጠየቃችሁኝ?"

እስከ ግማሽ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻ ተጫኑ። ለሳኙ፣ ትንሹ ልጁ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎበት፣ ኖራ በነካው ሸሚዙ አፉን ከፍቶ ሲስቅ ወጣ። ራሱን እንዲህ ሲስቅ አይቶ አያውቅም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ካሜራው የእሳቸው ሆነ። ከመስኮቱ ጎረቤቱን፣ ድመቷን፣ ከሥራ ደክማ የምትገባውን ምራታቸውን ያነሳሉ። ምራታቸው በየወሩ አስገልብጣ ጥሩ ጥሩዎቹን ታሳጥባለች። "ዛሬስ እርስዎን ላንሳዎት?" ስትላቸው፣ "ሥራ ላይ ነኝ" ይሏታል።

ሦስት አልበም ሞልቷል። የእሳቸው ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ ትልቋ ልጅ ከጓዳ በር ተደብቃ በእናቷ ስልክ ያነሳቻቸው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ድመቷ እስክትዞር ሲጠብቁ።